ከታች ያለችው ቁጥር

የልጅ ልጆቼ ናቸው ጻፊው ያሉኝ። እኔማ ለማውራት ነበር የተዘጋጀሁት። «እምዬ፣ ያን የውሃውን ነገር ንገሪን» ብለው ከበቡኝና ገና ስጀምር ትልቋ፣ «አይ፣ በጽሑፍ ይሁን። ስታወሪው በየጊዜው ይለያያል» አለችኝ። እውነቷን ነው። ሳወራ እንደ አካሄዴ ነኝ፤ ወደ ገበያ ብዬ ወጥቼ ሐይቅ ዳር እገኛለሁ። ይኸው ደብተር ገዛችልኝ፣ መነጽሬንም ጠርጋ ሰጠችኝ።

የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደሉን የያዝኩት ድሮ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ፣ ልጅ በጀርባዬ አዝዬ ነው። ከፊደሉ ጋር ተግባብተናል። ቁጥር ግን አንድ አንዱን አውቀዋለሁ እንጂ ተሰልፎ ሲመጣ ዓይኔ ይዘልብኛል። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ነገሩ ሁሉ ከዚህ ስለሚነሳ ነው።

ቤታችን ታቦር ተራራ ሥር ነው፣ ሐዋሳ። በእኛ ቅያስ አራት ቤት አለ። መግቢያው ላይ ጎረቤቴ ናት፤ ባሏ የሞተባት፣ ብቻዋን የምትኖር፣ ከእኔ በዐሥር ዓመት የምታንስ የሲዳማ ሴት። ከእሷ ቀጥሎ ጡረታ የወጡ መምህር፣ ቀጥሎ ልብስ ሰፊው ከነቤተሰቡ፣ መጨረሻው ላይ እኔ። ባለቤቴ በመንግሥት ሥራ ተዛውሮ ከሰሜን ሲያመጣኝ ቅያሱ ገና ቁጥቋጦ ነበር። እሱ ከሞተ ቆይቷል፤ ይህ ነገር በደረሰ ጊዜ ሦስት ዓመት ሆኖት ነበር።

ድሮ የውሃ ሂሳብ የሚከፈለው ቢሮው ድረስ ተሂዶ፣ መስኮት ፊት ተሰልፎ ነው። አራት ሰው ከአንድ ቅያስ ሄዶ ለምን ይገተራል አልንና በየወሩ አንድ ሰው የአራቱንም ቤት ቢል ይዞ እንዲሄድ ተስማማን። ተራ ነበረን። ውሎ አድሮ ግን ተራው የእኔ ብቻ ሆኖ ቀረ፤ ማንም አልጫነብኝ፣ እግሬ ቤት አይወድም። የየቤቱን ብር ለየብቻ በመሐረብ ቋጥሬ፣ አራት ቋጠሮ ይዤ እሄዳለሁ። ከፍዬ ስመለስ በዓሣው ገበያ በኩል ዞሬ፣ ወፎቹን አይቼ፣ ያገኘሁትን ሰው ሰላም ብዬ ነው ቤቴ የምገባው። ሴት ልጄ፣ «አንቺ ውሃ ለመክፈል ሳይሆን ለመዞር ነው የምትወጪው» ትለኝ ነበር። ለሁለቱም ነው።

ከዚያ ወረቀቱ ቀረና በስልክ ክፈሉ ተባለ። የሂሳቡ መልእክትም በስልክ ነው የሚመጣው። የእኔ ቤት ውል በባለቤቴ ስም ነው፤ የተመዘገበውም የእሱ ስልክ። ያ ስልክ ከእሱ ጋር አብሮ ዝም ካለ ቆይቷል። ይህን ያኔ ማን አሰበው! አስፋልቱ ዳር በስልክ የምትከፍል ልጅ ያለችበት ሱቅ አለ፤ ቁጥር ከነገርኳት እሷ ነካ ነካ አድርጋ ሂሳቡን ታያለች፣ ብሩን ትቀበላለች፣ የከፈለችበትን ቁጥርና ብሩን በብጣሽ ወረቀት ጽፋ ትሰጠኛለች።

መምህሩ የአራታችንን ቁጥር በጫማ ካርቶን ላይ ጻፉልኝ። ስም የለበትም። ስም ምን ያደርጋል? የቅያሱን ተራ ይዞ ነው የተጻፈው፤ ከላይ የጎረቤቴ፣ ከዚያ የመምህሩ፣ ከዚያ የልብስ ሰፊው፣ ከታች የእኔ። የሱቋ ልጅ «የትኛው ነው የእርስዎ?» ስትለኝ «ከታች ያለችው» እላታለሁ፤ አለቀ።

አንድ ቀን ዝናብ ያዘኝና ካርቶኑ ከነቀለሙ ታጠበ። ጥቅምት ነበር፣ ያልተጠበቀ ዝናብ። መምህሩ ዘንድ ወስጄ ሌላ ይጻፉልኝ አልኩ። በዚያን ጊዜ ሦስቱም ጎረቤቶች በየስልካቸው መክፈል ጀምረዋል፤ ካርቶን የቀረችው ለእኔ ብቻ ነው። መምህሩ ግን «ለማንኛውም አራታችንም እንኑርበት፤ የአንዱ ስልክ ቢበላሽ ያገለግላል» ብለው አራቱንም ጻፉ። በላስቲክ ጠቅልለው፣ በሁለት እጃቸው ሰጡኝ።

«እትዬ፣ አሁን የሚገባዎት ቦታ ላይ ነዎት» አሉኝ።

እኔ ስለ ላስቲኩ የተናገሩ ነው የመሰለኝ። «እግዜር ያክብርልኝ» ብዬ ወጣሁ።

ከዚያ ወዲህ ሂሳቤ ረከሰ። ግማሽ፣ እንዲያውም ከግማሽም በታች ሆነ። የሱቋ ልጅ ራሷ ገርሟት፣ «እማማ፣ እቤት ውሃ አትጠጡም እንዴ?» አለችኝ።

«ጸበል ነው የምንጠጣው» አልኳት፤ ተሳሳቅን።

በልቤ ግን አሮጊት መሆኔን አይተው ቀነሱልኝ ብያለሁ። ማን አየኝ? በምን አየኝ? እንዲህ ያለው ጥያቄ ያኔ አልመጣልኝም። ደግ ነገር ሲሆን ሰው አይመረምርም መሰለኝ።

በዚያው ሰሞን ጎረቤቴ ደስታዋን አልችል አለች። አንድ ልጅ ነው ያላት፤ ደቡብ አፍሪካ ከሄደ አራት ዓመት ሆኖታል። ሲሄድ ከከተማው ወጣ ብሎ ቱላ የነበራትን መሬት እኩሌታ ሸጣ ነው የሸኘችው። ስልክ እንኳን አልፎ አልፎ ነው የሚደውለው። አንድ ጊዜ ግን «እማዬ፣ ከዚህ ሆኖ የእናንተን ሂሳብ በስልክ መክፈል ይቻላል አሉ፤ የውሃሽን እኔ እችለዋለሁ» ብሏት ነበር። ጥቅምት ላይ የወንድሟ ልጅ መጥታ የውሃዋን ልትከፍልላት ስልኳን ብታይ፣ «አክስቴ፣ ተከፍሏል እኮ» አለቻት። ኅዳርም ተከፍሏል። ታኅሣሥም።

እየሮጠች ነው የመጣችልኝ። «አየሽ! አየሽ ልጄን! አልረሳኝም! ጌታ ይመስገን!» ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። አማርኛዋ ከሲዳምኛ ጋር የተጋባ ነው፤ «እርስዎ» የሚባለው አይገባበትም፤ ለእኔም «አንቺ»፣ ለፓስተሩም «አንተ» ነው። እኔ ይህን እወድላታለሁ። አብሬያት እልል አልኩ። ከዚያ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኗ ሰዎች ያልሰማ የለም፤ ልጇ ባሕር ማዶ ሆኖ ውሃዋን ይከፍላል።

ግንቦት መጣ። ትንሿ ሴት ልጄ የመጀመሪያዋን ልትወልድ ወደ እኔ መጥታ ነበር፤ በእኛ ወግ የመጀመሪያ ልጅ እናት ቤት ነው የሚወለደው። ሴት ልጅ ወለደች፤ አሁን «ጻፊው» ከሚሉኝ አንዷ፣ ትንሿ ቀልቃላ ማለት ናት። አራስ ቤት ውሃ እንዴት እንደሚበላ ያየ ያውቀዋል። ጨርቁ፣ ገላው፣ አጥሚቱ፣ የገንፎው ድስት፣ የጠያቂው ሳህን። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ በመጣ ቀን ያለውን ባልዲ ሁሉ እንሞላለን።

በዘጠነኛው ቀን፣ ማክሰኞ፣ ሁለት ሠራተኞች የቧንቧ ቁልፍ ይዘው መጡ። አንደኛው ጎልማሳ ነው፤ ወረቀት አውጥቶ የባለቤቴን ስም ጠራ።

«የሉም?»

«የለም።»

«መቼ ይመጣሉ?»

«እሱ አይመጣም፤ እኛ ነን የምንሄደው» አልኩት። ገባውና ባርኔጣውን አወለቀ።

«ነፍስ ይማር እማማ። እንግዲህ ለእርስዎ ልንገር። ሰባት ወር የውሃ አልተከፈለም። ልንዘጋ ነው የመጣነው።»

ሳቅሁ። እውነቴን ነው፣ ሳቅ ነው የመጣብኝ። «ተሳስታችኋል ልጆቼ፤ የዚህ ቅያስ ከፋይ እኔ ነኝ። ሌላ ቤት ይሆናል» አልኩ። ገብቼ የሱቋን ልጅ ብጣሾች በፌስታል እንደታሰሩ አመጣሁ። ሰባት ናቸው። ጎልማሳው አንድ በአንድ ገለበጣቸው።

«ይሄን ለቢሮ ያሳዩ። እኛ ዝጉ የተባልነውን ነው የምንዘጋው።»

«አራስ አለች እኮ ቤት ውስጥ!»

በዚያው ቅጽበት ሕፃኗ አለቀሰች፤ እነሱም ሰሙ። ጎልማሳው ቆጣሪው ላይ ጎንበስ እንዳለ ቀና ብሎ፣ «እንኳን ማርያም ማረቻት፣ በእጇ ያሳድግላት» አለና ተመልሶ ጎንበስ ብሎ ዘጋው። በሽቦ አስሮ ላዩ ላይ የእርሳስ ማኅተም አደረገበት። እየመረቀ ዘጋብኝ! አፌን ይዤ ቀረሁ። በዕድሜዬ የረገመኝም የመረቀኝም አለ፤ እየመረቀ ውሃ የዘጋብኝ ግን አላየሁም።

«እስከ ዓርብ ካልተከፈለ ቆጣሪው ይነቀላል። ከተነቀለ አዲስ ውል ነው፤ ወራት ይፈጃል። ይፍጠኑ» ብሎኝ ሄደ።

ልጄ ከመኝታ ቤት «ምንድነው እማዬ?» ትላለች። «ምንም፣ ቆጣሪ ሊያዩ ነው» አልኳት። ጡቷ እንዳይደርቅ ፈራሁ። በእጄ ያለው ገንዘብ በቅቤና በበግ አልቋል፤ ሰባት ወር ከነቅጣቱ ደግሜ የምከፍልበት የለኝም። ደግሞስ ለምን ልክፈል? ከፍያለሁ!

ጎረቤቴ ወሬው ሳይደርሳት አልቀረም፤ ብዙም ሳይቆይ ጀሪካን ተሸክማ ስታቃስት ገባች። «ምን ይደነግጥሻል? የእኔ ቧንቧ አለ አይደል! ውሰጂ፣ እጠቢ፣ አፍስሺ። ልጄ ነው የሚከፍለው።» የሕፃኗንም ጨርቅ ሰብስባ ልታጥብ ይዛው ሄደች። መረቅኋት። ከልቤ ነው የመረቅኋት።

በማግስቱ ወደ ቢሮው ሄድኩ። ሰልፍ ነው። ከኋላዬ ያለች ሴት «እማማ፣ እርስዎም ያልጠጡት ውሃ መጥቶብዎ ነው?» አለችኝ። «የኔ እቴ፣ የከፈልኩት ነው የጠፋው» ብላት፣ ከፊቴ ያለው ሰውዬ ዞሮ፣ «እኔ እንኳን አየር ነው የሚያስከፍሉኝ፤ ቧንቧዬ ሲከፈት የሚወጣው ፉጨት ነው» አለ። ሰልፉ ሁሉ ሳቀ። እኔም እየሳቅሁ መስኮቱ ጋ ደረስኩ።

ኮምፒውተሩ ፊት የተቀመጠው ወጣት ትሑት ልጅ ነው። ብጣሾቹን ተቀብሎ ነካ ነካ አደረገ። ደግሞ ነካ አደረገ።

«እማማ፣ እነዚህ በሙሉ ተከፍለዋል።»

«እኮ!»

«ግን ይሄ ቁጥር የእርስዎ አይደለም።»

«ምን ማለትህ ነው?»

የቁጥሩን ባለቤት ስም አነበበልኝ። የጎረቤቴ ስም ነው።

ካርቶኔን ከላስቲኩ አወጣሁ። «ይኸው እይ። የእኔ ከታች ያለችው ናት።»

ጣቱን አስኬዶ አየና፣ «አይደለም። የእርስዎ ከላይ ያለችው ናት። ከታች ያለችው የእሳቸው ናት።»

«እኔ ከታች ነኝ ልጄ፤ ቤቴ መጨረሻ ነው።»

«እማማ፣ እዚህ ላይ ከላይ ነዎት።»

ያኔ የመምህሩ ቃል በጆሮዬ አቃጨለ። የሚገባዎት ቦታ ላይ ነዎት። ሰውዬው ታላቂቱን ከታች መጻፍ ነውር መስሏቸው፣ ከፍ አድርገው ከላይ አስቀምጠውኛል! ጎረቤቴን በእኔ ቦታ ወደ ታች አውርደዋታል። እኔ ደግሞ ሰባት ወር ሙሉ «ከታች ያለችው» እያልኩ የሰው ውሃ ከፍያለሁ። ክው አልኩ።  ሂሳቡ የረከሰው አዝነውልኝ አልነበረም፤ አንዲት ብቻዋን የምትኖር ሴት የምትጠጣውን ያህል ነው።

ወጣቱ ውሃ አስመጣልኝና አስረዳኝ። ገንዘቡን ወደ እኔ ቁጥር ማዞር ይቻላል፤ ግን የቁጥሩ ባለቤት ራሷ መጥታ ገንዘቡ የእኔ አይደለም ብላ መፈረም አለባት። «ስትፈርም ግን» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የእሳቸው ሰባት ወር ባዶ ይሆናል። ባለዕዳ የሚሆኑት እሳቸው ናቸው።»

ከቢሮው ስወጣ ባጃጅ አልያዝኩም። እግሬ ወደ ሐይቁ ወሰደኝ። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ራሰ በራቸውን ይዘው የዓሣ ሆድቃ ሲጠብቁ አየሁ፤ እኔም ከእነሱ ጋር ቆምኩ። ዕዳው አልነበረም ያስደነገጠኝ። ዕዳ ይከፈላል። ልጇስ? ሰባት ወር ሙሉ የደስታዋ ምክንያት የሆነው ልጇ አይደለም፤ የእኔ መሐረብ ነው። ይህን በየትኛው አፌ ነው የምነግራት? ካልነገርኳት ደግሞ ዓርብ ቆጣሪው ይነቀላል፤ የዐሥር ቀን አራስ ቤት ተኝታለች። ደግሞ ያቺ ሴት ማክሰኞ የሰጠችኝ ጀሪካን፣ እኔው ከፍዬበት እኔው ያመሰገንኩበት ውሃ! ይህን ሳስብ ብቻዬን ሳቅሁ፤ ወዲያው አለቀስኩ። መንገደኛ አይቶኝ ከሆነ አበደች ብሏል።

ስመለስ ጎረቤቴ ግቢዋ ውስጥ በቧንቧዋ የሕፃኗን ጨርቅ እያጠበች መዝሙር ትዘምራለች።

«እንዴት ሆነልሽ?»

አፌን ከፈትኩ። ፊቷን አየሁ። «አንቺ… ነገ አብረሽኝ ትሄጃለሽ? ፊርማ ያስፈልጋል አሉኝ» አልኳት። ከዚያ ያለፈ ቃል አልወጣኝም። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይህ ነው።

«ለአንቺ ነው? ለአንቺማ በሁለት እጄ እፈርማለሁ» አለችኝ።

ሐሙስ ጠዋት የእሑድ ቀሚሷን ለብሳ ወጣች። መስኮቱ ጋ ስንደርስ ወጣቱን፣ «አንተ ልጅ፣ ጌታ ይባርክህ፣ የት ጋ ነው የምፈርመው?» አለችው።

«እናቴ፣ መጀመሪያ ነገሩን ይረዱት። ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ በእርስዎ ቁጥር የተከፈለውን የከፈሉት እኚህ እናት ናቸው። በስህተት ነው።»

ሳቀች። ልክ እኔ ማክሰኞ እንደሳቅሁት። «ተሳስተሃል። ልጄ ነው የከፈለው። ደቡብ አፍሪካ ነው ያለው።»

ወጣቱ ወደ እኔ አየ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። ልጁ ምን ያድርግ፤ ኮምፒውተሩን ወደ እሷ አዙሮ በጣቱ አሳያት። ክፍያው ሁሉ ከአንድ ሱቅ ነው፣ እዚሁ ሐዋሳ፣ አስፋልቱ ዳር።

ጎንበስ ብላ የጣቱን ጫፍ ተከተለች። 

«አንዱም ወር?»

«አንዱም እናቴ።»

«እሺ» አለች። ድምፅዋ የእሷ አይመስልም።

«ከፈረሙ ደግሞ ሰባቱ ወር በእርስዎ ላይ ዕዳ ይሆናል። ከፈለጉ ቤተሰብ አማክረው…»

«አራስ ቤት ውሃ ተዘግቷል አይደል?»

«አዎ።»

«እንግዲህ የት ጋ ነው የምፈርመው ነው ያልኩህ» አለችና እስክሪብቶውን ከእጁ ወሰደች።

  ሳትጨቃጨቅ፣ ሳትቀየም፣ ዕዳውን ከእኔ ትከሻ አውርዳ በራሷ ላይ ጫነች። ወጣቱም ነገሩ ከብዶት ነው መሰለኝ ተነስቶ አለቃው ዘንድ ገባና የእሷን በየወሩ በትንሽ በትንሹ እንድትከፍል አስፈቀደላት።

በባጃጅ ተመለስን። እሷ ወደ ውጭ ታያለች፣ እኔ ጣቶቼን። ታቦር ስንደርስ ነው የተናገረችው።

«ማክሰኞ ጀሪካን ሳመጣልሽ ታውቂ ነበር?»

«በማርያም አላውቅም!»

«ትናንትስ፣ ጨርቅ ሳጥብ?»

«ትናንት አውቅ ነበር።»

«እና ዝም አልሽኝ።»

«ዝም አልኩሽ።»

«ጥሩ አልሠራሽም» አለች። «ትናንት ብትነግሪኝ ቤቴ ቁጭ ብዬ እደነግጥ ነበር። ሰው ፊት አስደነገጥሽኝ።»

  ባጃጁ ቅያሳችን አፍ ላይ ሲቆም ወርዳ እጇን ሰጥታ አወረደችኝ፤ የከፈለችውም እሷ ናት። ልክፈል ብላት፣ «ተይ፣ አንቺ ስትከፍይ የት እንደሚገባ አይታወቅም» አለችኝ። በዚያ ሁሉ መሐል ሳቅ አመለጠኝ፤ እሷም ጥርሷን ሳታሳይ ሳቀች።

ከሰዓት በኋላ ያው ጎልማሳ ሠራተኛ መጥቶ ሽቦውን ፈታ። ቧንቧው መጀመሪያ አየር ተፋ፣ ከዚያ ቀይ ጭቃ፣ ከዚያ ውሃው ጠራ። ልጄ ከመኝታ ቤት ሆና የውሃውን ድምፅ ሰማችና፣ «ፈረቃችን ዛሬ ነው እንዴ?» አለች። «አዎ» አልኳት። እውነቱን የነገርኳት ሕፃኗ ክርስትና ከተነሣች በኋላ ነው።

መምህሩ ሲሰሙ ፊታቸው አመድ ሆኖ መጡ። ካርቶኑን አገላብጠው አዩት። «እትዬ፣ እኔ እኮ አክብሬ ነው። እርስዎን ከሁሉ በታች መጻፍ እጄ እምቢ ብሎኝ ነው።»

«ከታች ቢተዉኝ ምን ነበረበት?» አልኳቸው። «ውሃውም እኮ የሚመጣው ከታች ነው።»

ጎረቤቴ፣ «እኔን ደግሞ ታች ስታወርደኝ እጅህ እምቢ አላለህም?» አለቻቸው። ሰውዬው የሚገቡበት ጠፋቸው። ከጡረታቸው ሁለት ወር ችለውላታል። እኔ አንዱን ልቻል ብል አልቀበልም አለችኝ፤ የቀረውን፣ ቱላ ካላት እንሰት ቆጮ እየፋቀች፣ እየሸጠች፣ በየወሩ ቢሮው ድረስ በእግሯ እየሄደች ከፈለች። አንዳንዴ አብሬያት እሄድ ነበር። ስንሄድ ስለ ሁሉም ነገር እናወራለን፤ ስለ ልጇ ግን አንድም ቃል። ቤተ ክርስቲያን ስለ ውሃው ሲጠይቋትም፣ «ጌታ ይመስገን፣ ውሃ አለኝ» ትላለች እንጂ ሌላ አትልም። እኔም አልነካካሁትም። ልቧ ተሰብሮ ዝም ብላለች እያልኩ ነበር።

ይህ ሁሉ ካለፈ ከአራት ዓመት በኋላ ልጇ መጣ። ከስቶ፣ ግን ደህና ሆኖ። ሰላም ሊለኝ ወደ ቤቴ ገባ። የእኔ ትንሿ ቀልቃላ እግሩ ሥር ተቀምጣ፣ «አራስ ሆኜ ውሃ ዘግተውብኝ ነበር! እምዬ የናንተን ቤት እየከፈለች!» ብላ ከሰው የሰማችውን ዘረገፈችለት። ዝም በይ ብዬ ሳልጨርስ ልጁ የያዘውን ብርጭቆ አስቀመጠ።

«እማማ፣ ቢሮው የሄዳችሁት በየትኛው ወር ነው?»

«ግንቦት ነው ልጄ። ተወው፣ ያለፈ ነገር ነው።»

«እናቴ ያኔ አወቀች? በግንቦት?»

«እዚያው መስኮቱ ጋ።»

 ከዚያ ነው የነገረኝ። ጥቅምት ላይ እናቱ ደውላ «ለውሃው ጌታ ይባርክህ» ስትለው የሚሠራበት ሱቅ ተዘርፎ፣ በሰው ቤት ወለል ላይ ነበር የሚተኛው፤ የሚበላውም አልነበረው። እንዲያ ስትመርቀው «እኔ አይደለሁም» ማለት አቃተው። «አዎ እማዬ፣ እኔ ነኝ» አላት። በየወሩ ደወለች፤ በየወሩ «አዎ» አላት።

«ግን እማማ» አለኝ፣ «በግንቦትም ደውላለች። በሰኔም፣ በሐምሌም፣ በነሐሴም። ‹ልጄ፣ ውሃውን ስለከፈልክልኝ ተባረክ› ትለኝ ነበር። እኔ አፍሬ የመጀመሪያዋን ብር በእውነት የላክሁት በመስከረም ነው።»